የንጹሑን ሰው ጉዳይ የሚመረምር ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ብሂሉ የተበደለን ሰው ያጽናናል። ነገር ግን ንጋት የሰው እጅ ሳይነካው በሰዓቱ ይመጣል፤ እውነት ግን ብዙ ጊዜ ፈላጊ ትሻለች። ፈላጊ ካላገኘች ንጹሑ ሰው በጨለማ ይከርማል። ይህን የተረዳሁት ከመጻሕፍት አስቀድሞ በራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ ነገሬን ከራሴ እጀምራለሁ።

የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለሁ በምገለገልበት ሰንበት ትምህርት ቤት የሥራ አስፈጻሚው ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ዓመት ለገዳም ጉዞ ከአባላት የተሰበሰበ 3,400 ብር ከጽሕፈት ቤታችን ጠፋ። ሁለት አባላት አንድ ወንድማችንን በዋዜማው ምሽት ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ እንዳዩት ተናገሩ። ሁለቱም በዕድሜ የሚበልጡን፣ በአገልግሎትም የቆዩ ስለነበሩ ቃላቸውን የተጠራጠረ አልነበረም። ወንድማችን ተጠርቶ ሲጠየቅ «አልወሰድሁም» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገረም። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርገን ተረጎምነው። ከአገልግሎት እንዲታገድ ተወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነበርና ውሳኔውም ያማረ መሰለኝ።

ከስምንት ወራት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የጠረጴዛው መሳቢያ ወጣ። የመሳቢያው ጀርባ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ገንዘቡ ያለበት ፖስታ ከኋላው ወድቆ ተገኘ። ብሩ ሲቈጠር አንዲት አልጎደለችም። ሌባ አልነበረም፤ ስርቆትም አልነበረም። እኛ ግን ላልተፈጸመ ጥፋት ጥፋተኛ አግኝተን ቀጥተን ነበር። ሥራ አስፈጻሚው እገዳው መነሣቱን በአንዲት መስመር መዘገበ፤ ያንንም የጻፍሁት እኔው ነኝ። ቃለ ጉባኤውን ይዞ ወደዚያ ወንድም ቤት የሄደ ግን አልነበረም።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ኅሊናዬ እረፍት ስለነሣኝ ወደሚሠራበት ሱቅ ሄድሁ። ይቅርታ ስጠይቀው አልተቈጣኝም። «ገንዘቡ መገኘቱን ሰምቻለሁ። እኔን የጎዳኝ መጠርጠሬ አይደለም፤ ገንዘብ ሲጠፋ ሰው ይጠረጠራል። ያን ምሽት የት እንደነበርሁ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። እናቴን ጸበል ወስጃት ነበር። የሚያጠምቁት አባት ከጽሕፈት ቤታችሁ መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ» አለኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ዛሬ በሌላ አጥቢያ ያስቀድሳል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቤተ ክርስቲያን አልራቀም፤ ይህ ግን የእርሱ ጽናት እንጂ የእኛ ቸርነት አልነበረም።

የንስሐ አባቴ ቀኖና ከሰጡኝ በኋላ መጽሐፈ ሶስናን አስተውዬ እንዳነብ አዘዙኝ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን እንደ አዲስ አነበብሁት። ነቢዩ ዳንኤል የተነሣው ጉባኤው ሶስናን ፈርዶባት ወደ ሞት ስትወሰድ ነው። ፍርዱ ተፈጽሟል፤ ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ በሕዝቡም ዘንድ የተከበሩ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ናቸው። ብላቴናው ግን እግዚአብሔር መንፈሱን ስላነሣሣው ጉባኤውን አስቆመና ሳይመረምሩ በመፍረዳቸው ገሠጻቸው። ከዚያም ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ፣ ድርጊቱን ያዩት ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ጠየቀ። እያንዳንዳቸው የተለያየ ዛፍ ጠሩ፤ ሐሰቱም ተገለጠ።

እኛስ ምን አድርገን ነበር? ምስክሮቻችንን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን አንዱ የሌላውን ቃል እየደገፈ እንዲናገር ፈቀድን። በስንት ሰዓት እንዳዩት፣ ምን ያህል ርቀው እንደቆሙ፣ ፊቱን ይሁን ጀርባውን እንዳዩ አልጠየቅንም። ምሽት ነበር፤ የዋዜማ መርሐ ግብር ስለነበረም በግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሶ ነበር። ምስክሮቻችን እንደ ሶስና ከሳሾች ክፉዎች አልነበሩም፤ ያዩትን ሰው እርሱ ነው ብለው ከልባቸው አምነው ነበር። ይህም ከሐሰት ምስክርነት ባልተናነሰ ንጹሕ ሰውን ይጎዳል።

በትልቁ የፍርድ አደባባይም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2020 ድረስ ተፈርዶባቸው ከቆዩ በኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናቸው የተረጋገጠ 375 ሰዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል በመቶኛ 69 በሚሆኑት ላይ የዓይን ምስክሮች በስሕተት «እርሱ ነው» ብለው ነበር። ሌሎቹ ምክንያቶችም ይታወቃሉ፤ በድካምና በማስፈራራት የተገኘ የእምነት ቃል፣ ቅጣቱ እንዲቀልለት ሲል በእስር ቤት ጓደኛው ላይ የሚመሰክር እስረኛ፣ ያልተጣራ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ በመርማሪ ወይም በዐቃቤ ሕግ መደበቁ፣ በቂ ያልሆነ ጥብቅና።

እንዲህ ያለውን ፍርድ መርምሮ ማስቀልበስን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል ጂም ማክሎስኪ የተባለውን ሰው ታሪክ ሳነብ የዚያ ወንድማችን ነገር ዳግመኛ መጣብኝ። ማክሎስኪ የጥሩ ገቢ ሥራውን ትቶ፣ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ፣ ሰባኪ ለመሆን በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የገባ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለተግባር ልምምድ በኒው ጀርሲ ወደሚገኘው የትሬንተን እስር ቤት ተላከ። በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አንድ እስረኛም ንጹሕ መሆኑን ደጋግሞ ነገረው። ማክሎስኪ አጽናንቶትና ጸልዮለት መመለስ ይችል ነበር፤ የተላከውም ለዚያ ነበር። እርሱ ግን የችሎቱን መዝገብ ገጽ በገጽ አነበበ፤ ከዚያም ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ምስክሮችን ሲፈልግ ከረመ። «ወንጀሉን መፈጸሙን በእስር ቤት ነግሮኛል» ብሎ የመሰከረውን ዋና ምስክር አግኝቶ እውነቱን እንዲናገር አደረገው። እስረኛውም እ.ኤ.አ. በ1983 ነጻ ወጣ። በዚያው ዓመት ማክሎስኪ እንዲህ ላሉ እስረኞች የሚሟገት ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙንም በጌታችን ስቅለት ጊዜ ከመስቀሉ ሥር ቆሞ የተሰቀለው ጻድቅ መሆኑን በመሰከረው መቶ አለቃ ሰየመው (ሉቃ. 23፥47)። ይህ ድርጅት ከ60 በላይ ሰዎችን ነጻ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ የተባሉ ጠበቆች በኒው ዮርክ ካርዶዞ የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ተማሪዎችን በማሳተፍ የዲኤንኤ ምርመራን ለዚሁ ዓላማ ማዋል ጀመሩ።

ሥራው በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። የቆየ መዝገብ ማንበብ፣ የፖሊስን ማስታወሻ ከምስክሩ ቃል ጋር ማስተያየት፣ አድራሻቸውን የቀየሩ ሰዎችን ፈልጎ በር ማንኳኳት፣ በመጋዘን የተረሳ ልብስ ወይም የደም ናሙና እንዲመረመር ፍርድ ቤትን መጠየቅ ነው። ለአንድ ሰው አሥር ዓመት የሚደክሙበት ጊዜ አለ።

ደግሞም ይህ ሥራ የዋህነትን አይሸከምም። ማክሎስኪ በቨርጂኒያ በሞት የተቀጣ አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑን ከልቡ አምኖ ተከራክሮለት ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1992 ተገደለ። ማክሎስኪ ግን ከሞቱም በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ እንዲደረግ መወትወቱን አልተወም። በ2006 ምርመራው ሲደረግ ውጤቱ የሰውየውን ጥፋተኝነት አረጋገጠ። ማክሎስኪም መሳሳቱን በአደባባይ ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ። እውነትን የሚፈልግ ሰው ልቡ ካዘነበለበት ወገን ተቃራኒ ብትገኝም ሊቀበላት ይገባል። እኛ በዚያ ወንድማችን ላይ የጎደለን ይህ ነበር፤ መልሱን አስቀድመን ይዘን ነበርና ጥያቄ አላስፈለገንም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በደረሰ ቁጥር ከእናንተ መካከል «እግዚአብሔርን የማገለግልበት ሙያ የትኛው ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ሕክምናንና መምህርነትን ሁላችንም እናውቃለን። ይህንንም ሙያ እንድታስቡት እወዳለሁ። ጻድቁ ኢዮብ የቀደመ ዘመኑን ሲያስታውስ ለዓይነ ስውር ዓይን፣ ለአንካሳ እግር ከመሆኑ ጋር አያይዞ የማያውቀውን ሰው ጉዳይ መመርመሩን ይቈጥራል (ኢዮ. 29፥15-16)። የወዳጅን ጉዳይ መመርመር ቀላል ነው፤ የማናውቀውን ሰው ጉዳይ መመርመር ግን ፍቅር ይጠይቃል። ጌታችንም በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን ነገር አንዱ የታሰረውን መጠየቃችን እንደሆነ አስተምሮናል (ማቴ. 25፥36)። እስረኛን መጠየቅ ስንቅ ከማቀበል ይጀምራል፤ ቃሉን መስማትና መመርመርም የዚያው ምጽዋት ክፍል ነው።

በሀገራችንም መስኩ ሰፊ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር፣ በአንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ደንግጓል። ድንጋጌው በችሎት ሕያው የሚሆነው የሚሠራበት ሰው ሲገኝ ነው። አቅም ለሌለው ተከሳሽ የሚቆም የተከላካይ ጠበቃ፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማእከላት የሚያገለግል ተማሪ፣ ናሙናን በታማኝነት የሚመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የተጠርጣሪን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚመዘግብ መርማሪ ፖሊስ፣ ሁሉም የዳንኤልን ሥራ ይሠራሉ። በባዕድ ሀገር የምትኖሩም ቋንቋ በማያውቅ ወገናችሁ ችሎት ቃሉን በትክክል የምትተረጕሙ ብትሆኑ የሰውን ሕይወት በእጃችሁ ይዛችኋል።

ይህን ሙያ የማይመርጥም ሰው ከዳኝነት አያመልጥም። በቤታችን፣ በዕድራችን፣ በማኅበራችን፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን በየጊዜው በወንድማችን ላይ እንፈርዳለን። የኦሪቱ ሕግ ሐሰተኛ ምስክር በተነሣ ጊዜ ፈራጆች አጥብቀው እንዲመረምሩ ያዝዛል (ዘዳ. 19፥18)። እንግዲህ አንድ ሰው ሲከሰስ ምስክሮችን ለየብቻ እንስማ፤ ፊቱን አይተው እንደሆነ እንጠይቅ፤ የተከሰሰውንም «የት ነበርህ?» እንበለው።

እኔም በንስሐ አባቴ ፈቃድ በአንድ እሑድ በአባላቱ ሁሉ ፊት ቆሜ ሁለቱን ቃለ ጉባኤዎች አነበብሁ። መጀመሪያ ያገድንበትን፣ ቀጥሎም እገዳውን ያነሣንበትን። ሁለተኛው አንዲት መስመር ስለነበረ ንባቡ ቶሎ አለቀ። ከዚያም ያልተጻፈውን ተናገርሁ፤ ወንድማችን በዚያ ምሽት እናቱን ይዞ ጸበል እንደነበረ።

አምላከ ዳንኤል በሐሰትና በስሕተት የታሰሩትን ይፍታልን፤ ለእኛም የምንመረምርበትን ትዕግሥት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።