ወረቀቱን ከመቅደዱ በፊት ምን ሆነ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ አይ ኢ ፒ (ጉዳት ላለበት ተማሪ ለብቻው የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ያለው ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

«ዛሬም ከትምህርት ቤት ተደወለ፣ አስቸገረ አሉኝ» ስትሉኝ ድምፃችሁ ውስጥ ያለው እፍረት ያመኛል። እኛ ዘንድ የልጅ ጥፋት ለወላጅ ይተርፋል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ ማንን እንደሚነካ እናውቃለን። ስለዚህ ስብሰባ ስንጠራ አንገታችንን ደፍተን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ፈርመን እንወጣለን። ልጁንም ቤት ሲገባ እንቆጣዋለን።

ረዳት ሆኜ በምሠራበት ክፍል ኦቲዝም ያለበት አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። የሒሳብ ወረቀት ሲታደል ቀዶ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ወዲያው ቢሮ ይወስዱታል። ቢሮ ደግሞ ሒሳብ የለም፣ ጫጫታም የለም፤ ተቀጣ የተባለው ልጅ የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ከመቅደዱ በፊት የሆነውን፣ ከቀደደም በኋላ የተከተለውን በየቀኑ መመዝገብ ሲጀመር ግን ነገሩ ፈጠጠ። ሒሳቡን ይችለዋል። የሚያስጨንቀው ገጹን የሞላው የጥያቄ ብዛት ነበር። ወረቀቱ እየታጠፈ ጥቂት ጥቂት ይቀርብለት ጀመር። «እረፍት» የሚል ካርድም ጠረጴዛው ላይ ተለጠፈለት፤ ሲከብደው ያነሳዋል፣ ትንሽ አርፎ ይመለሳል። ካርዱን ባነሳ ቁጥር «ጎበዝ፣ በደንብ ጠየቅህ» ይባላል። አሁንም የሚቀድበት ቀን አለ፤ ጠረጴዛ ሥር መግባቱ ግን ቀርቷል።

ይህ የአስተማሪ ደግነት ብቻ አይደለም። አይዲያ የሚባለው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሻሻል፣ የልጁ ባህሪ ትምህርቱን ካደናቀፈ የአይ ኢ ፒ ቡድኑ አዎንታዊ የባህሪ ድጋፍን እንዲያስብበት ግዴታ ጥሏል። ከ10 ተከታታይ የትምህርት ቀን በላይ ሊያግዱት ከወሰኑም፣ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ እናንተ ባላችሁበት ጥፋቱ ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን መመርመር አለባቸው። አስተርጓሚ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው፣ በነጻ። እባካችሁ ታላቅ እህቱን አታስተርጉሟት።

ስብሰባው ላይ የቤቱን አውሩ። ሌሊት አለመተኛቱን፣ የሚረብሸውን ድምፅ፣ ሲከፋው ምን እንደሚያረጋጋው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የተስማማችሁበትንም ዕቅዱ ላይ አስጽፉት፦ ካርዱን ማን ይሰጠዋል፣ የት ያርፋል፣ ማን ይመዘግባል። በቃል ብቻ የቀረውን፣ ምትክ አስተማሪ በመጣ ቀን ማንም አያውቀውም።