ቁልቁለትና ዜሮ

ባለፈው አረፋ ልጄ ከደሴ ወደ ከሚሴ ሲወስደኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናውን በፎሌ ለቀቀው። ከኋላ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ተኝተዋል።

“ምን ማድረግህ ነው?” አልኩት።

“ነዳጅ ተወዷል እኮ እማ፤ ልቆጥብ ብዬ ነው።”

በነርስነት ዘመኔ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ስንቱን እንደጎዳ አይቻለሁ፤ ቁስሉንም በእጄ አጥቤያለሁ። ተቆጥቼ “ማርሽ አስገባ!” አልኩት። አስገባና እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። ይኼኔ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ቁጥር 0.0 ሆነ። በፎሌ ሳለን ግን ዜሮ አልነበረም።

ከሚሴ ስንደርስ አንድ መካኒክ ጎረቤታችን አስረዳን። ቁጥሩ የሚሰላው ኢንጀክተሩ ከረጨው ነዳጅና መኪናው ከሄደው ርቀት ነው። ቁልቁለት በማርሽ ሲወረድ ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው የነዳጁ ርጭት ይቋረጣል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወድቆም ይግላል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ነዳጁን እንዲህ ባይቆርጡም፣ እነሱም ቁልቁለት የሚወርዱት በማርሽ ነው።

የቅጽበቱ ቁጥር እንደ ልብ ምት ከፍ ዝቅ ይላል። የመኪናውን ጠባይ የሚናገረው አማካዩ ነው፤ 8 ካለ 100 ኪሎ ሜትር በ8 ሊትር፣ በለመድነው አነጋገር በሊትር 12 ተኩል ማለት ነው።

እናንተም ልጆቻችሁን ጠይቁ። የእኔ ልጅ አሁን ቁልቁለት ሲደርስ፣ ትንሹ ከኋላ ሆኖ “አባዬ፣ ዜሮ አድርጋት!” ይለዋል።