ውሃ ከመጨመርህ በፊት፣ መቼ ነው የሞቀው?

ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ያለው መንገድ ሹፌርን ያዘናጋል። አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ከፊት ይመጣል፣ የሙቀት ጌጁም መሐል ላይ ቁጭ ብሎ አይነቃነቅም። ከሚኤሶ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰበ ተፈሪ ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ። በመሐላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጭነት የከበደበት አሮጌ አይሱዙ የጨርጨርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል፣ መኪናው ግን ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ሙቀቱ ከመቼውም በላይ፣ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ከመቼውም በታች ይሆናል። ሜዳ ላይ ተደብቆ የከረመ ችግር ሁሉ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ታኅሣሥ እና ሐምሌ ላይ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ደግሞ ዳር ይዘው ኮፈን የከፈቱትን መኪኖች መቁጠር ነው።

የተለመደው መድኃኒት ጀሪካን ነው። ረዳቱ ይወርዳል፣ ውሃ ይለምናል ወይ ይገዛል፣ ያፈስሳል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ሚኤሶ ውሃ የሚትረፈረፍባት ከተማ እንዳልሆነች የሚያውቅ ያውቃል፤ ለሰውና ለከብት የተቀዳ ውሃ በየቀኑ ራዲያተር ሲጠጣው ማየት እኔን ያናድደኛል። የጋለ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው መክደኛ ብረት) ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ግን ከሁሉ የሚብሰው ውሃ መጨመሩ አይደለም። ውሃው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል ሲሚንቶ የጫነ አሮጌ አይሱዙ እኔ ጋራዥ መጣ። ወደ ሂርና ነው የሚሄደው። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ራዲያተሩን በቅርቡ ቀይረዋል፤ አንዱ ደግሞ የውሃ ፓምፑ ነው ብሏቸዋል፣ ሊገዙ ነው።

«ኦቦ፣ ቆሞ ሲሠራ ይሞቃል?»

«የለም።»

«ሜዳ ላይስ?»

«አዋሽን ሳልፍ ምንም አልሆነ። ዳገት ሲይዝ ብቻ ነው።»

ይህ መልስ ብዙ ነገር ይነግረናል። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚበርድ መኪና ቢሆን መጀመሪያ ፋኑን አይ ነበር፤ ቺንጋው ላልቷል ወይ ፋኑ በደንብ አይዞርም ማለት ነው። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ስርዓቱ ቀላል ሥራ ይችላል፣ ከባድ ሥራ ላይ አቅም ያንሰዋል። ራዲያተሩ በውስጥ በዝገትና በኖራ ተደፍኖ፣ ወይም በውጭ ክንፎቹ በአቧራና በነፍሳት ተሞልተው ይሆናል። የእኚህ ሰው ግን አዲስ ነው። እጄን ላዩ ላይ አስኬድኩ፤ ለብቻው የቀዘቀዘ ቦታ የለም፣ ስለዚህ አልተደፈነም። ፓምፑም ከታች ባለችው ቀዳዳ አያንጠባጥብም፣ ኩሽኔታውም አይጮኽም።

የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍተው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አገር ምድሩ ያበላሸው ነገር ነው። «ቆላ ነው፣ ቴርሞስታት ምን ይሠራል?» ብለው የሚነቅሉ ሜካኒኮች ሞልተዋል። ቴርሞስታት ሞተሩ ወደ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ውሃውን ከራዲያተር የሚያግድ በር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሲከፈት፣ ውሃው በራዲያተር ሳያልፍ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከተነቀለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩ ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተነቀለው ነገር ያሞቀዋል።

ረዳቱ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ታዲያ የማፈስሰው ውሃ የት እየሄደ ነው? መሬት ላይ ጠብታ የለም» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። ክዳኑን አነሳሁ። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ አሰበ ተፈሪ ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚሁ ነው። ጤነኛ ክዳን ወደ 0.9 ባር ግፊት ከያዘ ግን መፍያው ወደ 115 ዲግሪ ይጠጋል። ክዳኑ ካልያዘ ያ የሃያ ዲግሪ መጠባበቂያ ይጠፋል፣ ውሃው በቀጭኗ ቱቦ እንፋሎት ሆኖ ዳገት ላይ ይወጣል። መኪናው ሲቆም ደርቋል፣ ማን ያየዋል? ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ሰውም የመጨረሻ ነው የሚጠረጥረው።

በነገራችን ላይ የእኛው የጅቡቲ መስመር ባቡርም በእንፋሎት ዘመኑ ውሃ ሳይሞላ አይራመድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አሁን በሚኤሶ ሲያልፍ ጀሪካን አይፈልግም፤ የአይሱዙ ሹፌሮች የሚቀኑበት ነገር ነው።

ወደ ሲሚንቶው ልመለስ። አዲስ ቴርሞስታትና ክዳን ገጠምን። በጉድጓድ ውሃ ፈንታ ኩላንት እንሙላ ስላቸው፣ «ሚኤሶ በረዶ መቼ ዘንቦ!» ብለው ሳቁ። ኩላንት ዝገትና ኖራ እንደሚከላከል፣ መፍያውንም ትንሽ ከፍ እንደሚያደርግ ነግሬያቸው እያጉረመረሙ ገዙ።

ግን ይህ ሞተር ስንት ጊዜ እንደፈላ ስለማይታወቅ አሳድሬ ልየው አልኩ። ጠዋት፣ ብረቱ ቀዝቅዞ እያለ አስነሳሁና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጄ ጨበጥኩ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ሊጠጥር አይገባም። ደቂቃ ሳይሞላው ድንጋይ ሆነ። አጥፍቼ፣ ግፊቱ እስኪወርድ ጠብቄ ክዳኑን ከፈትኩና ደግሜ አስነሳሁ፤ አፉ ላይ አረፋ ይንተከተካል። ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል።

«ኦቦ፣ ቴስታታው መውረድ አለበት» አልኳቸው።

ዝም ብለው አረፋውን አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለሲሚንቶው ባለቤት ደወሉ። ከሰዓት ሌላ መኪና መጥቶ ጭነቱን አዛውሮ ወደ ሂርና ሄደ፣ አይሱዙው ጋራዥ ቀረ። ረዳቱ ግን ከጭነቱ ጋር አልሄደም፤ ቱታ ለምኖ ለበሰና ብሎን መፍታት ጀመረ።