አዲስ ማኅበር፣ ነባር እህቶች

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ሶሮሪቲ» የሚባል የሴት ተማሪዎች ማኅበር አለ። እንደኛ የጽዋ ማኅበር መዋጮና ደንብ አለው፤ አባላቱም ከተመረቁ በኋላ እህትማማችነታቸው ይቀጥላል። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጄ፣ ከሰባት የሐበሻ ልጆች ጋር አዲስ ሶሮሪቲ ልታቋቁም መሆኑን ስትነግረኝ ያሳሰበኝ ገንዘቡ አልነበረም። በአንዳንዶቹ ማኅበራት አዲስ ገቢዎችን ማንገላታትና ማዋረድ እንዳለ እሰማለሁ። «እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ክልክል ነው» የሚለው የደንባችሁ የመጀመሪያ አንቀጽ ይሁን አልኳት። ጻፉት።

ከነባሮቹ ጋር መስማማቱ ግን ባሰ። የምሥረታ በዓላቸውን ጃንዋሪ 15 ሊያደርጉ አዳራሽ ጠየቁ። በዚያው ማታ አብራት የምትኖረው ልጅ፣ ራሷ የነባር ሶሮሪቲ አባል ናት፣ አኮረፈቻት። «እማ፣ ቀኑን ገዝተውታል እንዴ?» ብላ ደወለችልኝ።

አልገዙትም። ነገር ግን የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያው ሶሮሪቲ፣ አልፋ ካፓ አልፋ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 1908 ነው። ዴልታ ሲግማ ቴታ ጃንዋሪ 13 ቀን 1913፣ ዜታ ፋይ ቤታ ጃንዋሪ 16 ቀን 1920፤ ሁለቱም እዚያው ሃዋርድ። በዚያ ሳምንት ሌላ የምሥረታ በዓል መደገስ ሰው በሚሠርግበት ቀን አጠገቡ ድንኳን እንደ መትከል ነው። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ እንኳ በዚያ ሰሞን ሮዝና አረንጓዴ ለብሰው የሚመጡ ትልልቅ ሴቶች አሉ።

ለልጄ የዴልታን ነገር አጫወትኳት። 22ቱ መሥራቾች ከአልፋ ካፓ አልፋ የወጡ ተማሪዎች ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ማርች 3፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ሰልፍ ተሰለፉ። በ1930 የጥቁር ተማሪዎች ማኅበራት የጋራ ምክር ቤት ሃዋርድ ላይ ሲቋቋም ሁለቱም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። 17 ዓመት መሆኑ ነው፤ ልጄ እንኳን ያን ያህል ልትጠብቅ ነገ ነው የምትፈልገው።

በዓሉን ወደ ፌብሩዋሪ አዛወሩ። የነባሮቹን ቀለምና የእጅ ምልክት እንዳይነኩም ዝርዝር ያዙ። ከዚያ እኔ የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ ይዘው ሊቀመንበሮቹ ዘንድ ሄዱ። አንደኛዋ በጥሩ ፊት ተቀበለቻቸው። ሌላዋ ግን «እኛ እያለን እናንተ ለምን አስፈለጋችሁ?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

«ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ሐኪም ቤት ለእናቶቻችን ስናስተረጉም ያደግን ልጆች ነን፤ እርስ በርስ እንድንገናኝ ነው» አለቻት ልጄ።

ይህን ስትነግረኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሊቀመንበሯ ለችግረኞች ምግብ ሲያሰባስቡ የሚያግዝ ሰው ጠይቃቸዋለች፤ ስምንቱም ሊሄዱ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ከዳቦው በልታለች፤ ሰላምታዋ ግን ገና ከአንገት በላይ ነው።