ጋሼ አርባ ሁለት

በእኛ ፋብሪካ የሠራተኛ ሕግ ማለት አንድ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርታቸውን ሐምሌም ሆነ ጥር የማያወልቁ የጥገና ክፍል ሠራተኛ። ትክክለኛ ስማቸውን ከገንዘብ ያዡ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁላችንም "ጋሼ አርባ ሁለት" ነበር የምንላቸው። አዋጅ ቁጥር 42/85ን በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ይዞራሉዋ! በገዛ ገንዘባቸው የገዙት ነጋሪት ጋዜጣ፣ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ፣ ጠርዙ በግራሶ የጠቆረ።

ያኔ መብትህን ለማወቅ ወይ ጋሼን ሻይ ትጋብዛለህ፣ ወይ አለቃህ ያለህን አምነህ ትቀመጣለህ። አለቃችን ደግሞ የዓመት ፈቃድ የሚባለውን ከራሱ ቤት ቆርሶ የሚሰጠን ነበር የሚመስለው። ጋሼ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ "14 የሥራ ቀን! ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ይጨመርበታል። የሥራ ቀን ነው ያልኩህ፣ እሑድን እንዳትቆጥርለት!" ሲሉን አቤት ደስታችን! ፈቃዱን ሳንወጣ ገና ስሙን ስንሰማ ያረፍን ይመስለን ነበር።

የትርፍ ሰዓቱ ስሌትማ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ነበር። የሰዓት ደመወዝህ በቀን በ1.25 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ለጥምቀት ሥራ የሚገባ ሲፈለግ ተጋፍተን ነበር የምንመዘገበው። ታቦቱ በፋብሪካው በር ሲያልፍ በመስኮት ተሳልመን፣ እልልታችንን አቅልጠን ወደ ማሽናችን እንመለሳለን፤ እግዜርም፣ ሒሳብ ክፍሉም ይመዘግቡልን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ የሚቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሽምግልና። ሰው ከሥራ ሲባረር ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌው ዛሬ ነገ ይባላል። "ያለአግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ያለህ 3 ወር ነው! ሽማግሌው ጢሙን ሲያሻሽ ይርጋው ያልፍብሃል!" እያሉ እስከ ተባረረው ሰው ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር።

በ1996 በአዋጅ 42 ምትክ አዋጅ 377 ወጣና ስማቸው ይለወጥ አይለወጥ ተከራከርን። "ጋሼ ሦስት መቶ ሰባ ሰባት" ብለን ጠርተን እስክንጨርስ ሰውየው በሩን ያልፋሉ። እሳቸውም ክርስትና አንዴ ነው ብለው እምቢ አሉ፤ አዲሱን አዋጅ ግን በሌላኛው ኪሳቸው ከተቱት።

አሁን የእህቴ ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታለች። ውሏን ከመፈረሟ በፊት ስልኳን አወጣችና ከቴሌግራም የአሁኑን የሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ 1156/2011ን ከፈተች። በፒዲኤፍ! ካፖርት የለ፣ ግራሶ የለ፣ ሻይ የለ። የሙከራ ጊዜዋ 60 የሥራ ቀን ነው፤ የእኛ 45 ቀን ነበር፣ ያውም እሑዱ ሁሉ ተቆጥሮ፤ እዚህ ላይ በለጥናት። የወሊድ ፈቃድ ላይ ግን እጅ ሰጠሁ፦ ድሮ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው፣ አሁን የኋለኛው 90 ሆኗል። ለአባትም 3 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር! እኛ ዘንድ ሚስቱ የወለደችለት ሰው የሐዘን ፈቃድ ነበር የሚጠይቀው። አንዱ ጓደኛችን በሦስት ልጁ ሦስት ጊዜ ሴት አያቱን ቢቀብር፣ ጋሼ ለብቻው ጠርተው "ልጄ፣ ሕጉ ባይቆጥርብህ እንኳ እኔ እየቆጠርኩ ነው" አሉት።

ሳቄን የሚያቆምብኝ አንድ ነገር አለ። ያኔ ሴቶቹ የትኛው ፎርማን እጁ እንደማያርፍ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነበር በሹክሹክታ የሚነጋገሩት። ጋሼ ኪስ ውስጥ የነበረው አዋጅ ስለ ሰው ክብርና ሞራል በጥቅሉ ይናገራል እንጂ ነገሩን በስሙ አይጠራውም ነበር። የ2011ዱ "ወሲባዊ ትንኮሳ" ብሎ በግልጽ ከልክሎታል፣ የደረሰባት ሠራተኛም ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። የእህቴ ልጅ ይህን አንቀጽ ጮክ ብላ ነው ያነበበችልኝ፣ ሳሎን መሃል ቆማ።

ትርፍ ሰዓቱም አድጓል፤ ቀኑ 1.5፣ ሌሊቱ 1.75። የዓመት ፈቃዱ ላይ ስትደርስ ግን አፏን ሞልታ "ከ16 ቀን ነው የምንጀምረው!" አለችኝ። ቆይ አልኳት። ጭማሪውስ? በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን! ካልኩሌተሩን አስከፈትኳት። አምስተኛው ዓመት ላይ እኩል እንሆናለን፣ ከዚያ በኋላ የድሮው ይመራል። ከመጀመሪያው ዓመት በላይ 20 ዓመት የቆየ ሰው በጋሼ አርባ ሁለት ጊዜ 34 ቀን ያርፋል፣ በእሷ ጊዜ 26! ተነስቼ እስክስታ ወረድኩ።

"አንድ ፋብሪካ ውስጥ 20 ዓመት?" አለችኝ፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ "ምን አጥፍቼ?"