ከአልዩ አምባ ቁልቁል፣ ታጁራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ይህን የምጽፍልዎ ከታጁራ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ እኛ ግን በመኪና ባሕረ ሰላጤውን ዞረን መጣን። መጀመሪያ ላይ መንገዱን የሞሉት ወደ አገራችን ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች ናቸው። ወደ ታጁራ ከታጠፍን በኋላ ግን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ ዝር የሚል አልነበረም። አሳል ሐይቅን ከላይ ቆመን አየነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ የዳርቻው ጨው ዓይን ያጥበረብራል። አፋሮች ይህን ጨው በግመል እየጫኑ እስከ ሸዋ ያወጡት ነበር።

ታጁራ ትንሽ ናት። ነጫጭ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ከኋላዋ የጎዳ ተራሮች፣ ከፊቷ ባሕር። ትኩስ ዓሣ በቂጣ በላን። አንድ አፋር ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠይቀው ሲያበቁ፣ በአማርኛ የአዋሽን ውኃና የአውሳን ዝናብ አጥብቀው ጠየቁን። የአፋሮች የወሬ ልውውጥ፣ ዳጉ፣ ድንበር አያውቅም።

አባባ፣ እርስዎ ከአንኮበር ቁልቁል ያሳዩኝ የነበረው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚያልቀው እዚህ ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ከዚህ ዳርቻ ተነስቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ፤ ስለ ጉዞውም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም ለያኔው የሸዋ ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ እዚሁ ወራት ተቀምጦ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1886 ወደ ላይ ወጣ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወደ ታች የወረደው ነው። በዚሁ መንገድ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ይነዳ ነበር። የተፈነገሉና የተማረኩ ልጆች፣ ብዙዎቹ ኦሮሞና ጉራጌ፣ ያንን የሚያቃጥል ድንጋይ በእግራቸው አቋርጠው እዚህ ጀልባ ላይ ተጫኑ፤ ወደ የመንም ተሻገሩ። እኛ በመኪና፣ ውኃ በእጃችን ይዘን ያማረርንበትን መንገድ! በዞርኩበት ሁሉ እነሱን የሚያስታውስ አንድ ድንጋይ አላየሁም። እኛም ዘንድ ስለ ነገሥታቱ ግብር እንጂ ስለ እነሱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህ ልክ አይመስለኝም።

አያቴ የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ። ስለ አልዩ አምባ ገበያ የነገሩዎት ካለ፣ በሰፈራችን ሰው የሸጠ ወይም የተሸጠ ዘመድ ቢኖርም እንኳ፣ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ። ስመለስ ድምፅ መቅረጫ ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎም እስከዚያው አክስቴን ይጠይቁልኝ፤ ከእርስዎ ይልቅ እሷ ከአያቴ ጋር ብዙ ኖራለች።

ነገ ወደ ኦቦክ እንቀጥላለን። ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ