የትኛው ጋይንት?

የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት የብራና መጻሕፍቶቻችንን መረጃ በኤክስኤምኤል መዝግቦ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ማታ አንዱን ፋይል አውርጄ በፓይተን «ፕሌስኔም» የሚለውን፣ ማለትም የቦታ ስሞቹን፣ ብፈልግ ባዶ ዝርዝር መለሰልኝ። ስህተት አለ እንኳን አይልም! ለታሪክ መምህሩ «ምንም የለውም» ልለው ነበር። ፋይሉን ከፍቼ በዓይኔ ሳይ ግን ስሞቹ ተደርድረዋል።

ለካ ፋይሉ አናቱ ላይ ኔምስፔስ አውጇል። «ፕሌስኔም» ብቻ ብሎ መጠየቅ «ለጋይንት ይድረስ» ብሎ ደብዳቤ እንደ መላክ ነው። ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ነው ወይስ ታች ጋይንት አርብ ገበያ?

ለኔምስፔሱ አድራሻ «ቲ» የሚል አጭር ስም ሰጥቼ «ቲ»ን ከፊት አስቀድሜ ጠየቅኩ። አጭር ስሙን እንደፈለጋችሁ አውጡት፤ አድራሻው ግን አንዲት ፊደል ከጎደለው ያው ባዶ ነው።

ዝርዝሩ ሲወርድ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የታሪክ መምህሩን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።